ስለ ቅድሚያ ኪራይና ስለ ድሃ ቤት

በጎንደር ከተማ ቤት ተከራይቶ ለመኖር የሚሻ ሰው፣ መምህር ቢሆን ወይም ነርስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢሆን ወይም ከወገራ ደጋ ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት፣ ከደላላ ጋር ሰፈር ለሰፈር ከዞረ በኋላ በመጨረሻ ከአከራዩ ፊት ሲቆም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የስንት ወር ኪራይ በቅድሚያ ቈጥሮ ለመስጠት እንደሚችል ነው። የሦስት ወር ብቻ የሚጠይቅ አከራይ እንደ ደግ ይቈጠራል፤ የስድስት ወር መጠየቅ ልማድ ሆኗል፤ የዓመቱን ካልያዝህ ተመለስ የሚልም አይታጣም። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ቁልፉ ይሰጣል፤ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ ቢጻፍም በጥድፊያ ተሞልቶ በአከራዩ ኪስ የሚቀር አንድ ገጽ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነሣውን ክርክር በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ደጅ የቆመ ወይም በሰፈሩ ለሽምግልና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተከራዩ የስድስት ወር ከፍሎ በሦስተኛው ወር ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወርና ቀሪውን ሲጠይቅ፣ አከራዩ ገንዘቡ ለልጆች ትምህርትና ለጣራ ቆርቆሮ ከወጣ ቆይቷል ይላል። አከራዩ በአራተኛው ወር የበለጠ የሚከፍል ሰው አግኝቶ ወይም ኑሮ ከብዶበት ጭማሪ ሲጠይቅ፣ ተከራዩ እስከ መጋቢት ከፍያለሁ ብሎ ይሟገታል። አንዱ በመጀመሪያ የተሰጠው ገንዘብ የሚመጡት ወራት ኪራይ ነው ሲል፣ ሌላው የለም፣ ለቤቱ ጉዳትና ለመጨረሻዎቹ ወራት የተያዘ መያዣ ነው ይላል፤ መብራቱና ውሃው ከኪራዩ ጋር መሆን አለመሆኑ፣ የጳጉሜን ቀኖች መቈጠር አለመቈጠራቸው ሳይቀር ለጠብ ይበቃል። ሁለቱም በእግዚአብሔር ስም ይምላሉ፤ ሁለቱም እውነት የሚናገሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተነጋገሩበትን ነገር እያንዳንዱ በየልቡ እንደ ፈቀደው ተርጉሞት ኖሯልና።

ባለጠጋው ስለሚከራየው ቪላ የምለው የለኝም፤ የዓመት ኪራይ ባንድ ጊዜ የሚከፍል ሰው ራሱን የሚጠብቅበት ዐቅምም ጠበቃም አያጣም። እኔን ዕረፍት የሚነሣኝ፣ ለድሃ መጠለያ እንዲሆኑ በሕዝብ ስም የተወረሱት ወይም በሕዝብ ገንዘብ ድጋፍ የተሠሩት ቤቶች፣ ማለት የቀበሌ ቤቶችና ኮንዶሚኒየሞች፣ ወደዚሁ ልማድ ገብተው በደጃቸው ላይ የስድስት ወር ገንዘብ የሚጠየቅባቸው መሆኑ ነው። ቅድሚያ ኪራይ በጥሞና ለመረመረው ተከራዩ ለአከራዩ የሚሰጠው ብድር ነው፤ ወለድ የለውም፣ መያዣ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ሰነድ የለውም። ኦሪት አበዳሪው ከድሃ ሰው ልብሱን በመያዣነት የወሰደ እንደ ሆነ፣ ሌሊት የሚለብሰው ሌላ ስለሌለው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት ታዝዛለች፤ በዚያ ዘመን ድሃው ተበዳሪ ነበር። በእኛ ከተማ ግን ድሃው አበዳሪ ሆኖ ሳለ ማደሪያውን የሚያጣው እርሱ ነው። ይህ ርትዕ የጎደለው ነገር መሆኑን በድፍረት እናገራለሁ፤ ለመናገርም የሚያስደፍረኝ የቤቶቹ የራሳቸው ታሪክ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አስረከበ፤ ዝቅተኛውን ኪራይ ይከፍል ለነበረው ድሃም ኪራዩን እስከ ግማሽ ቀነሰለት። በዚህ አዋጅ ሁለትና ሦስት ክፍል አከራይተው ይኖሩ የነበሩ ባልቴቶች ሳይቀሩ የዕለት እንጀራቸውን እንዳጡ አይረሳም፤ ደርግም በሌላው ሥራው የሚወቀስበት ብዙ ነው። ዳሩ ግን በአንድ ወገን ይህን ያህል ኀዘን ያስከተለ ሕግ በሌላው ወገን ያተረፈው ነገር ቢኖር፣ ድሃው በየወሩ ጥቂት ብር ከፍሎ ከነልጆቹ የሚያድርበት ጣራ ነበር፤ ይህ ጣራ ዛሬ የሌላ ሰው መነገጃ ከሆነ ያን ጊዜ የተከፈለው ዋጋ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

መነገጃ መሆኑንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በቀበሌው መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረው ተከራይ ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል፣ ወይም የራሱን ቤት ይሠራል፣ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ይሻገራል፤ የቀበሌውን ቤት ግን አይለቅም። ለቀበሌው ያችኑ ጥቂት ብር እየከፈለ፣ በደባልነት ስም ያስገባውን ሰው በገበያ ዋጋ ያከራየዋል፤ የስድስት ወሩንም አስቀድሞ ይቀበለዋል፤ በአንድ ቀን የሚቀበለውም ገንዘብ እርሱ ለቀበሌው በብዙ ዓመት ከሚከፍለው ሊበልጥ ይችላል። ደባሉ በደል ቢደርስበት የሚሄድበት የለውም፤ ቤቱን ለሌላ ማከራየቱ ራሱ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ አቤት ባለ ዕለት ቤቱ ይወሰዳል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃውን ተሸክሞ የሚወጣውም እርሱ ነው፣ የከፈለው ቅድሚያም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ለአከራዩ ከማናቸውም ዋስ የሚበልጥ ዋስ ይሆነዋል። ይህ በእኔ አስተያየት ከተራ የገንዘብ ክርክር ያለፈ፣ የነዳያንን ድርሻ ከመንጠቅ የሚቈጠር ግፍ ነው። መድኃኒቱ ግን ደባሉን ማስወጣት ሊሆን አይገባም፤ ኑሮው ዝቅተኛ መሆኑ በጎረቤት ከተመሰከረለት፣ ውሉን በቤቱ ከማይኖረው ሰው ስም በቤቱ ወደሚኖረው ሰው ስም ማዞር ይገባል እንጂ።

የኮንዶሚኒየሙ ነገር ከዚህ ይለያል፤ እዚያ አከራዩም ብዙ ጊዜ ድሃ ነውና። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተሻገረው፣ ጎንደርንም የደረሰው የቤቶች ልማት ፕሮግራም፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በዕጣ ቤት ሲያድል፣ ባለዕጣው ከዋጋው ከፊሉን አስቀድሞ ከፍሎ የቀረውን የባንክ ዕዳ በየወሩ እንዲከፍል ወሰነ። የባንኩ ክፍያ ከደመወዙ ጋር አልመጣጠን ያለው ሰው ታዲያ በገዛ ቤቱ መኖሩን ትቶ፣ ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ ራሱ በርካሽ ጭቃ ቤት ተከራይቶ መኖርን መረጠ። እንዲህ ያለው አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ሲጠይቅ የሚያናግረው የባንኩ ውዝፍ ነው፤ በአንዲት ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ድሆች ይገናኙና አንደኛው የተሸከመውን ዕዳ ወደ ሁለተኛው ትከሻ ያዞረዋል። ይህን ሳይመለከት አከራይን ሁሉ በጅምላ የሚረግም ሰው ጽድቅ የሠራ ይመስለው ይሆናል እንጂ ለተከራዩም አይበጀው።

አከራዮች የሚሰጡት ምክንያትም በሙሉ ሐሰት አይደለም። የሁለት ወር ኪራይና የመብራት ሒሳብ ሳይከፍል በሌሊት ዕቃውን ጭኖ የሄደ ተከራይ ያላየ አከራይ ጥቂት ነው፤ ከፍርድ ቤት ውሳኔ ለማግኘትም ወራት ያልፋሉ። የገበያው ዋጋ ደግሞ፣ ይልቁንም ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከተወ ወዲህ፣ ማንንም ያስፈራል። ሆኖም ቅድሚያ ለዚህ ፍርሃት ፈውስ መሆኑን እጠራጠራለሁ። የስድስት ወር ኪራይ በመስከረም ዋጋ የተቀበለ አከራይ እስከ የካቲት ድረስ በዚያው ዋጋ ታሰረ ማለት ነው፤ ጤፍና ዘይት በኅዳር ሲወደዱ ገንዘቡ አልቋል፣ ቤቱም ተይዟል፤ በአራተኛው ወር ጭማሪ ለመጠየቅ የሚነሣው፣ ጠቡም የሚጀመረው ከዚህ የተነሣ ነው። በግልጽ የማይነገር ሌላ ምክንያትም አለ፤ እርሱም የኪራይ ገቢ ግብር ነው። ግብሩን የሚፈራ አከራይ ውል መጻፍ አይወድም፣ ቢጽፍም ከእውነተኛው ኪራይ ያነሰ ቍጥር ያስገባል፤ ተከራዩም ቤቱን ላለማጣት ሲል በሐሰተኛው ቍጥር ላይ ይፈርማል። ክርክር በተነሣ ጊዜ ታዲያ ዳኛው የሚያየው ያንኑ ሐሰተኛ ቍጥር ነው፤ አከራዩም የተረፈውን ኪራይ አልተቀበልሁም ለማለት ይችላል፣ ተከራዩም በትንሹ ቍጥር ልክፈል ለማለት ይችላል።

ይህ ሁሉ ያለ ታማኝ ሰነድ የሚደረገው በጎንደር መሆኑ እጅግ ያስገርመኛል። አፄ ፋሲል በቈረቈሯት በዚህች ከተማ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ርስትና ሪም፣ ቦታና ቤት ሲሸጥ ሲለወጥ፣ ውሉ በአድባራት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጩና የገዢው ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቈረጠው ዋጋ፣ የተቀመጡት ዳኞች፣ የቆሙት ምስክሮችና የተጠሩት ዋሶች በየስማቸው እየተዘረዘሩ ይሰፍሩ ነበር፤ ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከልም ሴቶች ጥቂቶች አልነበሩም። ከነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ አጋዟቸው፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወስዷቸው ዛሬ በለንደን ይገኛሉ፤ ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሊቅና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹም በውስጣቸው የተጻፉትን ውሎች አጥንተው የከተማይቱን የርስት ታሪክ ጽፈውባቸዋል። ውልን በቅዱስ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የጻፉት አበው ምክንያታቸው የታወቀ ነው፤ ከቤተ መቅደስ መጽሐፍ ላይ ፊደል ለመፋቅ የሚደፍር እጅ አይገኝምና። በአደባባዩ ችሎትም ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥትን ይተረጕሙ ነበር፤ ያም መጽሐፍ ስለ ሽያጭና ስለ ብድር እንደሚናገር ሁሉ ስለ ክራይም የራሱ አንቀጽ አለው። ብራና በተወደደበት፣ ጸሐፊም በጥቂቱ በሚገኝበት በዚያ ዘመን ሰው አንዲት ቍራሽ መሬት ሲገዛ ይህን ያህል ተጠንቅቆ ያጽፍ ከነበረ፣ ፊደል የቈጠረው የዛሬው ልጅ የግማሽ ዓመት ደመወዙን ያለ አንዲት ፊርማ ከሰው እጅ ላይ ሲያኖር ማየት ልብን ያሳዝናል።

ሕጉስ ምን ይላል? ረኔ ዳቪድ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተዋዋዮቹ በውላቸው ሌላ ቀን ካልወሰኑ በቀር፣ ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ የሆነ እንደ ሆነ ኪራዩ በየሦስት ወሩ መጨረሻ፣ ከዓመት ላነሰ ወይም ጊዜው ላልተወሰነ የሆነ እንደ ሆነ በየወሩ መጨረሻ እንዲከፈል ያዛል። እንግዲህ የሕጉ መሠረተ አሳብ ሰው አስቀድሞ ይኑርበት፣ ከዚያ ይክፈል የሚል ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ከተስማሙበት ባይከለከልም ከውል የሚመጣ እንግዳ እንጂ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ይኸው ሕግ ስለ ቀብድ ሲናገር ደግሞ፣ ቀብድ ሰጥቶ ከውሉ የሚወጣ ሰው ቀብዱን እንዲያጣ፣ ተቀብሎ የሚወጣ ሰው እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ወስኗል። ብዙ አከራዮች ቅድሚያ ኪራይን እንደ ቀብድ ቈጥረው፣ ተከራዩ ቀድሞ ከወጣ ቀሪው ለእኛ ነው ሲሉ ይሰማሉ፤ በተራቸው ተከራዩን ሲያስወጡ ግን እጥፍ እንመልሳለን ሲሉ አይሰሙም። ሰው ባልኖረበት ወር ስም የተያዘ ገንዘብ እስኪኖርበት ድረስ የከፋዩ ነው፤ ቀድሞ በመውጣቱ አከራዩ ጉዳት ከደረሰበት ጉዳቱን ቈጥሮ ያስረዳ እንጂ ሁሉን ጠቅልሎ ሊይዝ አይገባውም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ይህን ነገር በቀጥታ ነክቶታል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ተቈጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪም በዘፈቀደ እንዳይደረግ አዝዟል፤ ቅድሚያውንም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኖታል። የአዋጁ ዐይን በመጀመሪያ ያረፈው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ላይ ሲሆን በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሎች በሚወስኑት መጠን ነው። ሁለት ወር ለአከራዩ መጠነኛ ዋስትና፣ ለተከራዩም የሚቻል ሸክም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕግ አውጪው በዚህ ቦታ መካከለኛውን መንገድ አግኝቶታል።

ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ማንንም ከዝናብ አያስጠልልም። በጋና አገር እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የኪራይ ሕግ አከራይ ከስድስት ወር የበለጠ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ከከለከለ 60 ዓመት አልፎታል፤ በአክራ ከተማ ግን እስከ ዛሬ የአንድ ዓመትና የሁለት ዓመት ቅድሚያ መጠየቅ የተለመደ ነው። ቤት ባነሰበት ከተማ ተከራዩ ራሱ ሕጉን ሽሮ ይከፍላል፤ ከሳሽ በሌለበትም ፍርድ የለም።

ወደ ደጋው ወጣ ሲሉ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከሆነች ወዲህ፣ ለሥራ የሚመጣው መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ ቍጥር በልጦ ተገኘ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ደግሞ የደባርቅንና የዳባትን ምድር ሳይቀር የውጊያ ሜዳ ሲያደርገው፣ ከየመንደሩ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደነዚህ ከተሞችና ወደ ጎንደር ገባ፤ ከዚያም ወዲህ አገሩ ሙሉ ዕረፍት አላገኘም። ጤናና ልጅ ብቻ ይዞ ከእሳት ያመለጠ ገበሬ የስድስት ወር ኪራይ ከየት ያመጣል? የሰሜን ደጋ ሰው መንገደኛን የእግዜር እንግዳ ብሎ የሚያሳድር፣ ከሌለው ገብስ ቈርሶ የሚያካፍል ሕዝብ መሆኑን በዚያ ብርድ የመሸበት ሁሉ ይመሰክራል፤ ያንኑ እንግዳ በከተማ ሲያገኘው የግማሽ ዓመት ገንዘብ ካልያዝህ አትግባ እንዲለው ያደረገው ገበያው ነው። የእኛ ሽማግሎች በደም ነገር ሳይቀር ያስታረቁ ናቸውና በኪራይ ነገር አይሰንፉም፤ ተከራይና አከራይ ወደ ዳኛ ከመሄዳቸው በፊት በሽምግልና ፊት ቢቀርቡ ብዙው ክርክር በአንድ እሑድ ያልቃል። ሽማግሎቹ ግን የሚፈርዱበት ጽሑፍ ይፈልጋሉ፤ መሐላ በመሐላ ላይ ሲከመር ለእነርሱም ይጨልምባቸዋል።

ስለዚህ ለክልሉ ምክር ቤትና ለጎንደር፣ ለደባርቅ፣ ለዳባት አስተዳደሮች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። የሁለት ወሩ ወሰን በነዚህ ከተሞች ነዋሪው በሚያውቀውና በሚጠቀምበት መንገድ በሥራ ይዋል፤ በየክፍለ ከተማው ያለ ክፍያ የሚሰጥ፣ ኪራዩን፣ ቅድሚያውን፣ መያዣውን፣ የውሃና የመብራቱን ነገር፣ የጳጉሜንንም ጭምር ለይቶ የሚያሰፍር አንድ ገጽ የውል ቅጽ ይኑር፤ የኮንዶሚኒየም ባለዕጣ ውዝፉን በሚችለው መጠን ከፋፍሎ እንዲከፍል ከባንኩ ጋር ይነጋገሩለት፣ ዕዳው በተከራዩ ላይ እንዳይወድቅ። በቀበሌ ቤቶች ላይ ግን ከማንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የእነዚያ ቤቶች አከራይ ከተማው ራሱ ነውና። በየደጃፉ ሄዶ በእውነት የሚኖረው ማን እንደ ሆነ ይመዝግብ፤ በማናቸውም የቀበሌ ቤት ላይ ማንም ሰው የአንድ ወርም ቢሆን ቅድሚያ እንዳይቀበል ይከልክል፤ እስከ ዛሬ የተቀበሉትም ላልተኖረበት ወር የያዙትን ገንዘብ ለከፈለው ሰው እንዲመልሱ ያዝዝ። የሌላውን አከራይ ውል ከመመርመሩ በፊት ከተማው የራሱን መዝገብ ይክፈት።